የሲኤስኤስ ለውጥ ለነባር ጎብኚዎችም እንዲደርስ

ለደንበኞች ድረ ገጽ በመሥራትና በመጠገን ሥራዬ ውስጥ «ቀየርኩት ያልከኝ ነገር እኔ ጋ አይታይም» የሚለውን ያህል ተደጋግሞ የሚመጣ ቅሬታ የለም። የተስተካከለው ፋይል ሰርቨሩ ላይ ተጭኗል፤ እኔ ስከፍተው አዲሱ መልክ ይታየኛል፤ ደንበኛው ግን በስልካቸው የሚያዩት የቀድሞውን ቀለምና የቀድሞውን አደራደር ነው። ብዙዎቻችን ለዚህ የምንሰጠው የተለመደ መልስ «ካሹን (ብሮውዘሩ ያወረዳቸውን ፋይሎች የሚያስቀምጥበትን ማከማቻ) ያጥፉትና እንደገና ይክፈቱት» የሚል ነው። መልሱ ስልክ አንሥተው ለሚደውሉት ደንበኛ ይሠራ ይሆናል፤ ገጹ ተዘበራርቆ ሲያገኘው ማንንም ሳይጠይቅ ለሚወጣው ጎብኚ ግን ይህን የሚነግረው ሰው የለም። ጎብኚው ምንም ሳያደርግ አዲሱን ፋይል እንዲያገኝ ማድረግ የድረ ገጹ ሠሪ ኃላፊነት ነው ብዬ ስለማምን፣ እኔ በተግባር የምሠራበትን መንገድ ለሥራ ባልደረቦቼ እንዲጠቅም ከነምክንያቱ እጽፈዋለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከሰርቨሩ መልስ ነው። ብሮውዘር አንድን የሲኤስኤስ ፋይል (የገጹን ቀለምና አደራደር የሚወስነውን፣ ከዚህ በኋላ «ስታይል» የምለውን) ሲያወርድ ከፋይሉ ጋር ሄደሮች፣ ማለትም ስለ ፋይሉ የሚናገሩ አጫጭር መመሪያዎች፣ አብረው ይመጣሉ፤ ከእነዚህም መካከል «ካሽ-ኮንትሮል» የሚባለው ፋይሉ ለስንት ሰከንድ ያለ ጥያቄ ሊያገለግል እንደሚችል ይናገራል። «ማክስ-ኤጅ 2592000» ተብሎ ከተጻፈ 30 ቀን ማለት ነው፤ በእነዚህ 30 ቀናት ውስጥ ብሮውዘሩ ያንኑ አድራሻ በፈለገ ቁጥር ከራሱ ዲስክ አንሥቶ ይጠቀማል እንጂ ሰርቨሩን አይጠይቅም። ጥያቄ ካልላከ ደግሞ ሰርቨሩ ላይ የምናደርገው ማንኛውም ለውጥ፣ ሄደሩን ራሱን ማስተካከልን ጨምሮ፣ አይደርሰውም። አንዴ የተሰጠ የ30 ቀን ፈቃድ ተመልሶ አይሰበሰብም፤ መፍትሔ ስንፈልግ መነሻችን ይህ ሊሆን ይገባል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ይህ ሄደር ጨርሶ በማይኖርበት ጊዜ የሚሆነውን ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤችቲቲፒ ካሽ መስፈርት፣ አርኤፍሲ 9111፣ እንዲህ ባለ ጊዜ ብሮውዘሩ በራሱ ግምት እንዲሄድ ይፈቅዳል፤ የተለመደው ግምትም ፋይሉ መጨረሻ ከተቀየረበት ቀን አንሥቶ እስከ ወረደበት ቀን ያለውን ጊዜ ወስዶ አንድ አሥረኛውን መቁጠር ነው። ለ200 ቀን ሳይነካ የቆየ ስታይል ትናንት የወረደለት ጎብኚ እስከ 20 ቀን ድረስ ያንኑ ሊጠቀም ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ «እኔ ካሽ የሚባል ነገር አላበራሁም» የሚል ሰው ካሽ የለበትም ማለት አይቻልም፤ እንዲያውም ለብዙ ወራት ሳይነካ በቆየ ድረ ገጽ ላይ ለውጥ ሲደረግ አሮጌው መልክ ከሁሉ በላይ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

ችግሩ ከቀለም አለመቀየር አልፎ እንደሚሄድ በደንብ ያየሁት በአንድ የግል ትምህርት ቤት ድረ ገጽ ላይ ነው። ሰሞኑ የምዝገባ ሰሞን ነበር፤ የተማሪዎች መመዝገቢያ ቅጹም እንደ አዲስ ተሠርቶ፣ ረጅሙ ዓምድ ለሁለት ተከፍሎ፣ ለወላጅ ስልክና ለክፍለ ከተማ አዳዲስ ሳጥኖች ገብተውለት ነበር። ኤችቲኤምኤሉ፣ ማለትም የገጹን ይዘት የያዘው ዋናው ፋይል፣ ሰርቨሩ ላይ በፒኤችፒ ቋንቋ የሚፈጠር ስለነበር በየጊዜው ትኩስ ሆኖ ይመጣል፤ ስታይሉ ግን የሆስቲንግ ድርጅቱ አስቀድሞ ባዘጋጀው ኤችቲአክሰስ በሚባል የሰርቨር ማዘዣ ፋይል ምክንያት የ30 ቀን ፈቃድ ይዞ ነበር የሚወጣው። በዚህ የተነሣ አዲሱ ኤችቲኤምኤል ከአሮጌው ስታይል ጋር ተጋጨ፤ ሳጥኖቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተደረቡ፤ «ላክ» የሚለው ቁልፍም በግርጌው ጽሑፍ ተሸፈነ። ቀደም ብለው የክፍያ መረጃ ለማየት ገብተው የነበሩ ወላጆች ቅጹን መላክ ሲያቅታቸው፣ ድረ ገጹን ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈቱት ግን ያለ አንዳች እንከን ይመዘገቡ ነበር። በትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ኮምፒውተር ላይ የብሮውዘሩን የዴቨሎፐር መሣሪያ ከፍቼ የኔትዎርክ ክፍሉን ስመለከት፣ ከስታይሉ ስም ትይዩ መጠኑ በሚጻፍበት ዓምድ ላይ በኪሎባይት ቁጥር ፋንታ ከዲስክ ካሽ የተነሣ መሆኑ ተጽፎ ነበር። ይህ ዓይነት ቅሬታ ሲመጣልኝ ከማንኛውም ነገር አስቀድሜ የማየው ያንን ዓምድ ነው፤ በእርግጥ ክርክሩን የሚዘጋው እርሱ ነው።

ከዚህ እንደሚታየው የሚጎዱት ደጋግመው የሚመጡት ጎብኚዎች ናቸው፤ ሠሪው ደግሞ ችግሩን ለማየት ከሁሉ የራቀ ነው፤ ምክንያቱም የዴቨሎፐር መሣሪያውን ከፍቶ፣ ካሽን የሚያግደውን ምርጫ አብርቶ ነው የሚውለው። «ሪፍሬሽ ያድርጉት» የሚለው ምክርም እንደምናስበው አይሠራም። ክሮም በተራ ሪፍሬሽ ጊዜ ሰርቨሩን የሚጠይቀው ስለ ዋናው ገጽ ብቻ ነው፤ ጊዜያቸው ያላለፈ ስታይሎችንና ምስሎችን ከካሹ አንሥቶ ይጠቀማል። ኮንትሮልና ሺፍትን ይዞ አር መጫን ይህን ያልፈዋል፤ ነገር ግን አብዛኛው ጎብኚያችን በሚጠቀምበት ስልክ ላይ እንዲህ ያለ ቁልፍ የለም። በአንድሮይድ ስልክ በፌስቡክ መተግበሪያ ውስጥ የሚከፈት ገጽም ከክሮም የተለየ የራሱ ካሽ ስላለው፣ ጎብኚው የክሮምን ካሽ ቢያጠፋም እዚያ ያለው አሮጌ ፋይል አይነካም።

መፍትሔው የፋይሉን አድራሻ መቀየር ነው። ብሮውዘር ያስቀመጠውን ፋይል የሚለየው በሙሉ አድራሻው ስለሆነ፣ ይዘቱ በተቀየረ ቁጥር አድራሻውም ከተቀየረ አዲሱን አድራሻ ከዚህ በፊት አይቶት ስለማያውቅ ማውረዱ የግድ ነው። ቀላሉ መንገድ ከፋይሉ ስም በኋላ የጥያቄ ምልክት አድርጎ የስሪት ቁጥር መጨመር ነው፤ ኩዌሪ ስትሪንግ የምንለው ማለት ነው። ሰርቨሩ ያንኑ ፋይል ይሰጣል፤ ብሮውዘሩ ግን «ቨር=1» እና «ቨር=2» የሚሉትን እንደ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ይቆጥራቸዋል። ዱሮ በብሮውዘሩና በሰርቨሩ መሐል ያሉ ፕሮክሲዎች (አስተላላፊ ሰርቨሮች) የጥያቄ ምልክት ያለበትን አድራሻ አያስቀምጡም እየተባለ ይህ መንገድ ይነቀፍ ነበር፤ ዛሬ ትራፊኩ በኤችቲቲፒኤስ ስለሚያልፍ እነዚያ ፕሮክሲዎች ውስጡን ስለማያዩት ነቀፋው ክብደቱን አጥቷል።

በአገራችን ከሚሠሩት ድረ ገጾች እኔ እጅ የሚገቡት በአብዛኛው ወርድፕረስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር የተሠሩ ስለሆኑ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በወርድፕረስ ስታይል የሚጨመረው «ደብሊውፒ ኢንኪው ስታይል» በሚባለው ፈንክሽን ሲሆን አራተኛው ግቤት የስሪት ቁጥር ነው። ይህን ቦታ ባዶ ከተውነው ወርድፕረስ የራሱን የስሪት ቁጥር ይለጥፍበታል። የገጹን ኮድ ከፍቶ የሚያይ ሰው ከስታይሉ ስም በኋላ ቁጥር ስለሚያገኝ ሥራው የተሠራ ይመስለዋል፤ ቁጥሩ ግን ወርድፕረስ ራሱ ካልታደሰ በቀር አይለወጥም፤ እኛ ስታይሉን የፈለግነውን ያህል ብናስተካክለው እዚያው ነው። «ቁጥርማ አለው» የሚል መልስ በሰማሁ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው ቁጥሩ የማን እንደሆነ ነው።

እኔ በዚህ ቦታ የማስገባው ፋይሉ መጨረሻ የተቀየረበትን ሰዓት በሰከንድ የሚመልሰውን «ፋይል ኤም ታይም» የተባለ የፒኤችፒ ፈንክሽን ነው። ስታይሉን አስተካክዬ በጫንኩ ጊዜ ቁጥሩ በራሱ ይቀየራል፤ ካልነካሁት እንዳለ ይቆያል። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል፤ ፈንክሽኑ የሚፈልገው በሰርቨሩ ዲስክ ላይ ያለውን የፋይል መንገድ እንጂ በኤችቲቲፒ የሚጀምረውን አድራሻ አይደለም። ወርድፕረስ ውስጥ የመጀመሪያውን የሚሰጠው «ጌት ስታይልሺት ዳይሬክተሪ» ሲሆን ሁለተኛውን የሚሰጠው መጨረሻው ላይ «ዩአርአይ» የተጨመረበት ነው። ስማቸው ስለሚመሳሰል ብዙ ጊዜ ይቀያየራሉ፤ ሁለተኛው ከገባ ፈንክሽኑ ማስጠንቀቂያ ጽፎ «ፎልስ» ይመልሳል፤ ወርድፕረስም «ፎልስ»ን ሲያገኝ ተመልሶ የራሱን የስሪት ቁጥር ይለጥፋል። ማስጠንቀቂያው በቀጥታ ሰርቨር ላይ ስለማይታይ ከላይ የጠቀስኩት የማይለወጥ ቁጥር ሳይታወቅ ተመልሶ ይመጣል። ሥራውን ከጨረስኩ በኋላ የገጹን ምንጭ ከፍቼ ከስታይሉ በኋላ ያለው ቁጥር አሥር አሃዝ ያለው መሆኑን የማየው ለዚህ ነው።

የለውጥ ሰዓትን መጠቀም ለአንድ ሰርቨር ይበቃል። ድረ ገጹ ከአንድ በላይ በሆኑ ሰርቨሮች ላይ ከሆነ፣ ወይም ኮዱ በየጊዜው ጊት በሚባለው የኮድ ስሪት መያዣ እንደ አዲስ የሚወርድ ከሆነ፣ ይዘቱ አንድ ዓይነት የሆነ ፋይል በየቦታው የተለያየ ሰዓት ሊይዝ ስለሚችል ጎብኚው ያለ ምክንያት ደጋግሞ ያወርዳል። በተለይ የማልስማማበት ደግሞ በስሪቱ ቦታ የአሁኑን ሰዓት ወይም የዘፈቀደ ቁጥር ማስገባት ነው። እርግጥ ነው አዲሱ ስታይል ሁልጊዜ ይታያል፤ ነገር ግን 150 ኪሎባይት የሆነ ስታይል ያለው ድረ ገጽ ላይ ስምንት ገጽ የከፈተ ሰው አንዱን ፋይል ስምንት ጊዜ፣ በድምሩ 1.2 ሜጋባይት ያወርዳል። የሞባይል ዳታ በሜጋባይት ቆጥሮ ለሚገዛ ጎብኚ ይህ የእኛን ስንፍና በእርሱ ብር መክፈል ነው። ካሽን በሙሉ «ኖ-ስቶር» (ጨርሶ አታስቀምጥ) በሚለው ሄደር መዝጋትም ከዚህ አይለይም።

የተሻለው መንገድ የስሪቱን ምልክት ከይዘቱ ማውጣት ነው። ዌብፓክና ቫይት የመሳሰሉት መሣሪያዎች ፋይሉን ሲያዘጋጁ ከይዘቱ ሃሽ የሚባል አጭር መለያ አስልተው ስሙ ውስጥ ያስገቡታል፤ ጃንጎ በሚባለው የፓይተን የድረ ገጽ መሥሪያ ደግሞ «ማኒፌስት ስታቲክ ፋይልስ ስቶሬጅ» የሚባለው «ኮሌክት ስታቲክ» በሚሠራበት ጊዜ ይህንኑ ያደርጋል። አንድ ፊደል ከተቀየረ ስሙ ይቀየራል፤ ምንም ካልተቀየረ መቶ ጊዜ ሰርቨሩ ላይ እንደገና ብንጭነው ስሙ አይነካም። እንዲህ ላለ ፋይል ያለ ምንም ስጋት የአንድ ዓመት ፈቃድ፣ ማለትም 31536000 ሰከንድ፣ እሰጠዋለሁ፤ «ኢምዩተብል» የሚለውንም እጨምርበታለሁ፤ ፋየርፎክስ ይህን ሲያገኝ በሪፍሬሽ ጊዜ እንኳ ፋይሉን ደግሞ አይጠይቅም። ስታይሉ ውስጥ የሚጠሩ ፎንቶችና ምስሎች ግን ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። በእጅ በምንጽፈው ስታይል ውስጥ የተጠራ የግዕዝ ፎንት በተሻሻለ ስሪት ሲተካ የፎንቱ ፋይል ስም ካልተለወጠ፣ ስታይሉ አዲስ ሆኖ ፎንቱ አሮጌ ይሆናል። መሣሪያዎቹ በስታይሉ ውስጥ ያሉትን አድራሻዎችም አብረው ይቀይራሉ፤ በእጅ ሲሠራ ግን ፎንቱን በአዲስ ስም መጫን ያስፈልጋል። ስታይል ውስጥ በ«ኢምፖርት» የሚጠራ ሌላ ስታይልም እንዲሁ የራሱ አድራሻ አለው፤ የዋናው ቁጥር መቀየር ለእርሱ አይተርፍም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው አዲሱን አድራሻ የያዘው ኤችቲኤምኤል ለጎብኚው ከደረሰ ነው። ስለዚህ ለኤችቲኤምኤሉ የምሰጠው ሄደር «ኖ-ካሽ» ነው። ስሙ እንደሚያስመስለው ማስቀመጥን አይከለክልም፤ አስቀምጥ፣ ግን ከመጠቀምህ በፊት ጠይቀኝ ማለት ነው፤ ማስቀመጥን የሚከለክለው «ኖ-ስቶር» ነው። ብሮውዘሩ ያለውን ቅጂ ኢታግ (ሰርቨሩ የሰጠውን የቅጂ መለያ) ይዞ ሲጠይቅ ለውጥ ከሌለ ሰርቨሩ 304 (አልተቀየረም) ብሎ ይመልሳል፤ ይህ መልስ ገጹን ራሱን ስለማይዝ የሚፈጀው ዳታ እጅግ ጥቂት ነው። በኤችቲኤምኤሉ ራስጌ ውስጥ የሚጻፉትን የካሽ ሜታ ታጎች በተመለከተ፣ እነርሱ ለስታይሉ ምንም አይናገሩም፤ ስታይሉ የራሱ መልስና የራሱ ሄደር ስላለው። እነዚያን ታጎች የትም ባገኝ አጠፋቸዋለሁ።

የመጫኛ ቅደም ተከተሉ ላይ ሰፋ አድርጌ የምናገርበት ምክንያት አለኝ። ኩዌሪ ስትሪንግ በሚሠራበት ድረ ገጽ ላይ ኤችቲኤምኤሉ ከስታይሉ ቀድሞ ከተጫነ፣ በመሐል በተፈጠረችው አጭር ክፍተት የገባ ጎብኚ «ቨር=2» ብሎ ሲጠይቅ ሰርቨሩ በእጁ ያለውን አሮጌ ፋይል ይሰጠዋል። ብሮውዘሩ አሮጌውን ይዘት በአዲሱ ስም፣ ያውም በሰጠነው ረጅም ፈቃድ ያስቀምጠዋል፤ መሐል ላይ ሲዲኤን፣ ማለትም የፋይሎቻችንን ቅጂ ይዞ በእኛ ሰርቨር ፋንታ የሚያድል አገልግሎት፣ ካለ ደግሞ ያንኑ የተሳሳተ ቅጂ ለሌላው ሁሉ ያድላል። በዚህ ጊዜ ያለው መውጫ «ቨር=3» ማድረግ ብቻ ነው። እኔ ሁልጊዜ ስታይሉን፣ ፎንቱንና ምስሉን አስቀድሜ ጭኜ ኤችቲኤምኤሉን በመጨረሻ እጭናለሁ። ሃሽ ያለው ስም በሚሠራበት ጊዜ ይህ ዓይነት መቀያየር አይፈጠርም፤ ይልቁንም አደጋው አሮጌውን ፋይል ቸኩሎ ማጥፋት ነው። ገጹን ከትናንት ጀምሮ በታብ ከፍቶ የተወ፣ ወይም የተቀመጠ ኤችቲኤምኤል የደረሰው ጎብኚ የአሮጌውን ስም ይጠይቃል፤ ፋይሉ ከሌለ 404 (አልተገኘም) ይመጣና ገጹ ያለ ምንም ስታይል፣ ባዶውን ይቀራል። ስለዚህ ያለፉትን ጥቂት ስሪቶች ሰርቨሩ ላይ እተዋቸዋለሁ፤ የሚይዙት ቦታ ኢምንት ነው።

ከብሮውዘሩ ውጭ ያሉት ንብርብሮችም መታየት አለባቸው። ወርድፕረስ ላይ የገጽ ካሽ ፕለጊን ካለ የሚያስቀምጠው ኤችቲኤምኤሉን ነው፤ በውስጡም የትናንቱ የስታይል ቁጥር አለ፤ ስለዚህ ስታይል በተቀየረ ቁጥር የፕለጊኑን ካሽ አጸዳለሁ። ስታይሎችን ወደ አንድ ፋይል የሚያዋሕድ ምርጫ ከበራ ደግሞ የተዋሐደው ፋይልም አብሮ መጽዳት አለበት። ከሲዲኤኖቹ አንዱ የሆነው ክላውድፍሌር በተለመደው አቀማመጡ ኤችቲኤምኤልን አያስቀምጥም፤ ስታይሎችንና ምስሎችን ግን ያስቀምጣል፤ መልሱ ላይ «ሲኤፍ-ካሽ-ስታተስ» የሚለው ሄደር «ሂት» ካለ ፋይሉ የመጣው ከእኛ ሰርቨር ሳይሆን ከእነርሱ ነው። እኛ ያልጻፍነው «ማክስ-ኤጅ 14400» ከታየም የክላውድፍሌር የብሮውዘር ካሽ ምርጫ ያመጣው የአራት ሰዓት ፈቃድ ሊሆን ስለሚችል እዚያ ገብቶ ማየት ተገቢ ነው። ፋይሉን ከሲዲኤን ማጽዳት ሲዲኤኑን ብቻ እንደሚያጸዳ፣ በጎብኚው ስልክ ላይ ያለውን ግን እንደማይነካ መዘንጋት የለበትም።

ድረ ገጹ ሰርቪስ ወርከር (ብሮውዘሩ ውስጥ ተቀምጦ የገጹን ጥያቄዎች የሚያስተናግድ ስክሪፕት) ካለው ነገሩ የተለየ ነው፤ ሰርቪስ ወርከር ከሄደሮቹ ነጻ የሆነ የራሱ ማከማቻ ስላለው በጻፍንለት ሕግ ብቻ ይመራል። «መጀመሪያ ከማከማቻ» በሚል ሕግ የተጻፈ ከሆነ የማከማቻውን ስም በየስሪቱ መቀየርና «አክቲቬት» በሚሆንበት ጊዜ አሮጌውን ማጥፋት ያስፈልጋል። በማላውቀው ድረ ገጽ ላይ ሌላው ሁሉ ትክክል ሆኖ አሮጌ ስታይል ከታየኝ በዴቨሎፐር መሣሪያው የአፕሊኬሽን ክፍል የተመዘገበ ሰርቪስ ወርከር መኖር አለመኖሩን አያለሁ፤ አንዳንዴ ማንም የማያስታውሰው፣ ከቀድሞው ሠሪ የቀረ ሆኖ ይገኛል።

ሥራው መሳካቱን የማረጋግጠው እንደ ነባር ጎብኚ ሆኜ ነው። ኢንኮግኒቶ መስኮት ባዶ ካሽ ይዞ ስለሚጀምር የሚያሳየው አዲስ ጎብኚ የሚያየውን ብቻ ነው፤ ለዚህ ፈተና አይረባም። ለውጡን ከመጫኔ በፊት ድረ ገጹን በተራ ስልክ ከፍቼ ሁለት ሦስት ገጽ እዘዋወርበታለሁ፤ ከጫንኩ በኋላም ሪፍሬሽ ሳልነካ፣ ለራሴ በላክሁት ሊንክ ደግሜ እገባለሁ። አዲሱ መልክ ከታየ ወደ ኮምፒውተሩ እመለስና ሌላ ገጽ ስከፍት በኔትዎርክ ክፍሉ ላይ ስታይሉ ከካሽ መነሣቱን አያለሁ። ሁለተኛው ካልተሟላ ለውጡ የታየው በየገጹ እንደ አዲስ እየወረደ ስለሆነ ሥራውን ለደንበኛው ገና አላስረክብም።